ቃሉ የት ያበቃል? ዓረፍተ ነገሩስ የት ይጀምራል?
(ስለ ቱርክኛ ቋንቋ ቅጥያዎች በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ትምህርት)

 

ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ታሪኮች በየቤታችን ገብተዋል። እንደ «ኤርቱግሩል» ያሉትን ደግሞ በዋናው በቱርክኛው ድምፅ፣ ከሥር የሚወጣውን የትርጉም ጽሑፍ እያነበቡ የሚከታተሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ተመልካቾች አንድ ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም። ተዋናዩ ከአፉ ያወጣው አንዲት ቃል ብቻ ሲሆን፣ ከሥር የሚወጣው ጽሑፍ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ተርጓሚው ከራሱ እየጨመረ ይሆን? ወይስ በእርግጥ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ነገር አለ?

መልሱ አዎን፣ አለ ነው። እንዴት ሊኖር እንደቻለ ዛሬ ኢንሻአላህ አብረን እንመለከታለን። ቱርክኛ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እኛ ግን ምሳሌዎቹን ለጆሮ በሚቀርብ መልኩ በራሳችን ፊደል እናስቀምጣቸዋለን።

ከመስጊድ የተነሳ መሰላል

በቱርክኛ መስጊድ «ጃሚ» ይባላል። ከዐረብኛው «ጃሚዕ» የተወሰደ ነው። እንግዲህ ከዚህች ቃል ተነስተን ደረጃ በደረጃ እንውጣ።

ጃሚ፦ መስጊድ
ጃሚዴ፦ መስጊድ ውስጥ
ጃሚዴኪ፦ መስጊድ ውስጥ ያለው
ጃሚዴኪሌር፦ መስጊድ ውስጥ ያሉት
ጃሚዴኪሌርዴን፦ መስጊድ ውስጥ ካሉት
ጃሚዴኪሌርዴኒም፦ መስጊድ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ ነኝ

አስተውሉ! «ጃሚ» የሚለው መነሻ ከላይ እስከ ታች አልተነካም። የጨመርነው ከኋላው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቅጥያ ቦታን፣ ሁለተኛው በዚያ መገኘትን፣ ሦስተኛው ብዛትን፣ አራተኛው «ከ» የምንለውን፣ የመጨረሻው ደግሞ «ነኝ» የሚለውን ያመለክታል። ቅጥያዎቹ በክር እንደተሰካ የሙስበሓ ፍሬ ተራቸውን ጠብቀው ይሰለፋሉ። በመጨረሻዋ «ኢም» ላይ ስንደርስ የያዝነው የስም ጥርቅም መሆኑ ቀርቶ ባለቤትና ማሰሪያ ያለው ዓረፍተ ነገር ሆነ። በአማርኛ ስድስት ቃላት የወሰደብንን ነገር ቱርኩ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። «ቤቶቻችንን» የሚለውን ቃላችንን ስንፈታው ቤት፣ ኦች፣ አችን፣ ን ይሆናል። ቱርኩ ይህንኑ «ኤቭሌሪሚዚ» ይለዋል። ሲፈታም ኤቭ (ቤት)፣ ሌር (ኦች)፣ ኢሚዝ (አችን)፣ ኢ (ን) ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና ባይኖራቸውም የቅጥያዎቹ ቅደም ተከተል ሳይቀር አንድ ነው። የሚለያዩት «በቤቶቻችን» ስንል ነው። እኛ «በ»ን ከፊት እናስቀድማለን፤ ቱርኩ ግን «ኤቭሌሪሚዝዴ» ብሎ እርሱንም ከኋላ ይሰካዋል።

ከዐረብኛ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ዐረብኛ ከተበ፣ ካቲብ፣ መክቱብ እያለ የቃሉን ሆድ ይለዋውጣል። አማርኛም ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ተጻፈ እያለ ይህንኑ ያደርጋል። በቱርክኛ ግን የቃሉ ሆድ አይነካም፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በጭራው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዐረብኛም ዓረፍተ ነገርን በአንድ ቃል መጠቅለል ያውቅበታል። ሰርፍ የቀሩ ደረሶች ዐሥሩን ተጨማሪ ፊደላት ለማስታወስ የሚሸመድዷትን «ሰአልቱሙኒሃ» የምትለዋን ቃል ያውቋታል። «እርሷን ጠየቃችሁኝ» ማለት ናት። አንድ ቃል ብትሆንም አድራጊም፣ ተቀባይም፣ የተጠየቀችው ነገርም በውስጧ አሉ።

ድምፅን የሚያስማማው ሕግ

ይህ ሁሉ ቅጥያ ሲደራረብ አድማጩ አንዱን ቃል ከሌላው እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ የአናባቢ ስምምነት የሚባለው ሕግ ይረዳዋል። ቱርክኛ ስምንት አናባቢዎች አሉት። አራቱ ወደ ጉሮሮ፣ አራቱ ወደ ፊት ወደ ጥርስ የሚቀርቡ ናቸው። ቅጥያው የሚከተለው ከእርሱ በፊት ያለውን የመጨረሻ አናባቢ ነው። እኛ «ኪታብ» የምንለው ቱርኩ ዘንድ «ኪታፕ» ነው፤ ሲበዛ «ኪታፕላር» ይሆናል። «ቃሌም»፣ ማለትም ብዕር፣ ሲበዛ ግን «ቃሌምሌር» ነው። ላርም ሌርም አንድ ቅጥያ ናቸው፤ ልብሳቸውን የሚለውጡት እንደ ጎረቤታቸው ነው። ጆሮው የለመደ ሰው ድምፁ ተስማምቶ እስከቀጠለ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ይገነዘባል።

በዑስማንያ ዘመን ቱርክኛ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ይህ ልዩነት በጽሑፍ አይታይም ነበር። ላርም ሆነ ሌር በላምና በራ ብቻ ይጻፉ ስለነበር አንባቢው ትክክለኛውን አናባቢ የሚሞላው በቋንቋ ዕውቀቱ ነበር።

አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ትርጉም

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። «ዶክቶሩም» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ትርጉሙ «ዶክተሬ» ነው፤ «ዶክተር ነኝ» ማለትም ነው። ፊደሉ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ስም ሲሆን ሁለተኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ታዲያ በምን ይለያሉ? በድምፅ ጥብቀት። «ሩም» የሚለው መጨረሻ ጠበቅ ተደርጎ ከተነገረ «ዶክተሬ» ነው። ጥብቀቱ «ቶር» ላይ ካረፈ ደግሞ «ዶክተር ነኝ» ይሆናል። ምክንያቱም «ነኝ» የሚለውን የሚተካው ቅጥያ ጥብቀትን አይቀበልም፤ ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንድ የሆነው በአንደበት ሁለት ነው።

ሦስተኛው ሰው ላይ ስንመጣ ጉዳዩ የበለጠ ይረቅቃል። ዐረብኛ «አላሁ አክበር» ሲል «ነው» የሚል ቃል አያስፈልገውም። አማርኛችን ግን «ነው» ሳይል ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም። ቱርክኛ እንደ ዐረብኛው ያለ ማሰሪያ መተው ይችላል። «ዐሊ የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ጃሚዴ» ብሎ ቢመልስ «መስጊድ ውስጥ ነው» ማለቱ ነው። ቅድም በመሰላላችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ «መስጊድ ውስጥ» ብለን የተረጎምናት ያቺው ቃል፣ ምንም ሳይጨመርባት ዓረፍተ ነገር ሆነች ማለት ነው። እንግዲህ ድንበሩ የት አለ? በቃሉ ውስጥ ፈልገን አናገኘውም፤ የሚለየው በንግግሩ ሁኔታ ነው።

ቃል የነበረው ቅጥያ ሲሆን

ድንበሩ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ከጊዜ ብዛት የተነሳ ነው። ዛሬ ቅጥያ የሆኑት ብዙዎቹ ትናንት ራሳቸውን ችለው የቆሙ ቃላት ነበሩ። «ጌሊዮሩም» ማለት «እየመጣሁ ነው» ማለት ነው። በመካከሉ ያለው «ዮር» ጥንት «መሄድ፣ መራመድ» የሚል ትርጉም ከነበረው ግሥ የመጣ ነው። ለዚህም ነው ዛሬም የአናባቢ ስምምነት ሕግን የማያከብረው። እንደ እንግዳ ገብቶ ቤተኛ ቢሆንም የጥንት አነጋገሩን አልተወም። «ጌሌቢሊሪም» ማለት ደግሞ «መምጣት እችላለሁ» ነው። በውስጡ ያለው «ቢል» ዛሬም ለብቻው ሲቆም «ማወቅ» የሚል ግሥ ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ ገና በመንገድ ላይ ናቸው። «መጥቶ ነበር» ለማለት «ጌልሚሽ ኢዲ» ተብሎ በሁለት ቃል ሊጻፍ ይችላል፤ የተለመደው ግን «ጌልሚሽቲ» ብሎ መጠቅለል ነው። «ነበር» የነበረው «ኢዲ» ተሟሽሾ ጭራ ሆነ። ጥያቄ የሚጠየቅበት «ሙ» ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። «ዶክተር ነህ» ለማለት «ዶክቶርሱን» ተብሎ በአንድ ቃል ይጻፋል። «ዶክተር ነህ ወይ?» ሲባል ግን «ዶክቶር ሙሱን» ተብሎ በሁለት ቃል ነው የሚጻፈው። በድምፁ እንደ ማንኛውም ቅጥያ የቀደመውን አናባቢ ይከተላል፤ የአጻጻፍ ደንቡ ግን ክፍት ቦታ እንዲተውለት ያዛል። ስለሆነም በወረቀት ላይ የምናየው ክፍተት ሁልጊዜ የቋንቋው ድንበር አይደለም፤ ሰዎች የተስማሙበት ልማድ ነው።

ይህ በቤታችንም አለ። «ይመጣ ነበር» ስንል ሁለት ቃል አድርገን እንጽፋለን። «ይመጣል» ስንል ግን አንድ ቃል ነው። ነገር ግን «ይመጣል» ማለት «ይመጣ» እና «አለ» ተጣብቀው የፈጠሩት ነው። ነበር ለብቻው ቆሞ ቀረ፤ አለ ግን ተጣበቀ። በየቀኑ ስንናገረው የኖርነውን ይህን ነገር ልብ የምንለው ምናልባት የሌላውን ቋንቋ ስናይ ነው።

ዓረፍተ ነገር የነበረው ቃል ሲሆን

ጉዞው በተቃራኒውም አለ። ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። ቱርኮች ባዴምጃንን (ኤግፕላንት የሚባለውን አትክልት) በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ሞልተው በወይራ ዘይት የሚሠሩት ታዋቂ ምግብ አላቸው። ስሙ «ኢማምባይልድ» ይባላል። ትርጉሙ «ኢማሙ ራሱን ሳተ» ማለት ነው! ይህ ባለቤትና ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን የምግብ ስም ነው። «ሁለት ኢማምባይልድ አምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። እንዲሁም በከተሞች ዳር ያለ ፈቃድ በጥድፊያ የሚሠሩ ቤቶች «ጌጄኮንዱ» ይባላሉ፤ «በሌሊት አረፈ» ማለት ነው። ሲበዛም «ጌጄኮንዱላር» ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ስም ሆነና እንደ ማንኛውም ስም የብዙ ቅጥያ ተቀበለ።

ከዐረብኛ የወሰዷቸው ንግግሮችም በዚሁ መንገድ ተጉዘዋል። «ኢን ሻአ አላህ» በዐረብኛ ሦስት ቃላት ያሉት ሐረግ ነው። «ማ ሻአ አላህ»ም እንዲሁ። በቱርክኛ አጻጻፍ ሁለቱም አንድ አንድ ቃል ሆነዋል። ይባስ ብለው ቱርኮች ጤናማና ፋፋ ያለ ልጅ ሲያዩ «ማሻላህ» በሚለው ላይ የባለቤትነት ቅጥያ ጨምረው፣ ቃል በቃል ስንፈታው «የእርሱ ማሻአላህ አለው» የሚል ትርጉም የሚሰጥ አባባል ይናገራሉ። እኛም ብንሆን «እንዳልካቸው»፣ «ማንደፍሮ»፣ «ይርጋለም» እያልን ሰውን በዓረፍተ ነገር ስንጠራ አይደንቀንም። ስም ሆኖ ስለለመድነው ንግግር መሆኑን ረስተነዋል።

በጭራው ላይ ያለ አማና

አድማጮቻችን «ይህ ሁሉ ለሰዋስው መምህራን እንጂ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ሊሉ ይችላሉ። የሚፈይደውን እናያለን። በቱርክኛ ውስጥ ካሉት ቅጥያዎች ሁሉ በጣም የሚያስገርመው «ሚሽ» የሚባለው ነው። «ጌልዲ» ማለት «መጣ» ነው፤ ተናጋሪው ነገሩን እንደሚያውቀው አድርጎ ይናገራል። «ጌልሚሽ» ማለትም «መጣ» ነው፤ ነገር ግን «ሲመጣ አላየሁም፤ ሰምቼ ነው፤ ወይም ከምልክቱ ተረድቼ ነው» የሚል ትርጉም አለው። ጠዋት ተነስቶ መሬቱ በበረዶ ተሸፍኖ ያገኘ ሰው ሲዘንብ ስላላየ በ«ሚሽ» ይናገራል። አማርኛ ይህንን ለማስተላለፍ «አሉ» ወይም «ይመስለኛል» የሚል ቃል መጨመር ያስፈልገዋል። ቱርኩ ግን በአንዲት ቅጥያ ይገልጸዋል።

ይህንን ነገር ሙስሊም ዑለሞች ቀደም ብለው አስተውለውታል። መሕሙድ አል-ካሽጋሪ እ.ኤ.አ. በ1070ዎቹ በባግዳድ «ዲዋን ሉጋት አት-ቱርክ» የተባለውን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ዓላማቸው ዐረቦች ቱርክኛ እንዲማሩ ነበር። በዚህ ሥራቸው «ኦል ባርድ» እና «ኦል ባርምሽ» የሚሉትን ለይተው አስረድተዋል። ሁለቱም «እርሱ ሄደ» ማለት ናቸው። የመጀመሪያው ተናጋሪው ባለበት የሆነውን፣ ሁለተኛው በሌለበት የሆነውን ይገልጻል። የዚህ ኪታብ አንድ ብቸኛ ቅጂ ተርፎ ዛሬ በኢስታንቡል በሚሌት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። «አል-በሕር አል-ሙሒጥ» በተባለው ተፍሲራቸው የሚታወቁት አቡ ሐያን አል-አንደሉሲም እ.ኤ.አ. በ1312 ገደማ በካይሮ ሳሉ «ኪታብ አል-ኢድራክ ሊ-ሊሳን አል-አትራክ» የሚል የቱርክኛ ሰዋስው ጽፈዋል። ከሩቅ ከአንዳሉስ የመጡ ዓሊም የቱርኮችን ቋንቋ እንደ ራሱ ሕግ መመርመራቸው ለዕውቀት የነበራቸውን ክብር ያሳያል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ስለ ሌላው «ገንዘቡን ወሰደ» ብሎ በ«ሚሽ» ቢናገር፣ ተርጓሚውም ጭራውን ጥሎ «ወሰደ» ብቻ ቢለው ምን ይከተላል? ተናጋሪው ያልመሰከረውን ምስክር አደረገው። ወሬው እርግጠኛ ነገር ሆኖ ከቤት ቤት ይዞራል። የአንድ ሰው ስም የሚጠፋው በዚህች ትንሽ ቅጥያ መውደቅ ነው። ወሬን ማጣራት ምን ያህል ከባድ አደራ እንደሆነ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ ተራ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። የሌላውን ንግግር የሚያስተላልፍ ሰው ዋናውን ቃል ብቻ ሳይሆን ጭራውንም ጭምር ማድረስ አለበት። አማርኛ ተናጋሪም «አሉ» የምትለዋን ሲጥል ያው ነው።

ሌላውም ጥቅም ለተማሪዎች ነው። ወደ ቱርክ ለትምህርት የሚሄዱ ልጆቻችን መዝገበ ቃላት ይዘው «ጃሚዴኪሌርዴኒም»ን ቢፈልጉ አያገኙትም። ሊገኝም አይችልም፤ ቅጥያዎቹ ሲደራረቡ የሚወለደው ቃል ተቆጥሮ አያልቅምና። ቱርኮች ራሳቸው ለጨዋታ «አቭሩፓልላሽትራማድክላርምዝዳንስንዝ» ይላሉ። «አውሮፓዊ ልናደርጋቸው ካልቻልናቸው ሰዎች መካከል ናችሁ» ማለት ነው። በዕለት ንግግር ማንም አይጠቀምበትም፤ ቋንቋው ግን ይፈቅደዋል። ስለዚህ ተማሪው ጥቂት ሥሮችንና ቅጥያዎቹን ከነቅደም ተከተላቸው ይያዝ። ያን ጊዜ ያልሰማውን ቃል ሳይቀር ይፈታዋል።

ኮምፒዩተርም ያለዚህ ዘዴ ቱርክኛን ሊይዘው አልቻለም። ቱርካዊው ምሁር ከማል ኦፍላዘር እ.ኤ.አ. በ1994 የቱርክኛን ቃላት እየፈታ ሥሩንና ቅጥያውን የሚለይ የኮምፒዩተር ሥርዓት አሳትመዋል። የእኛም ቋንቋ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። «ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «በቤቶቻችንም» የሚለውን እንዲያገኝ ከተፈለገ ኮምፒዩተሩ መነሻውንም መድረሻውንም መግፈፍ መማር አለበት። አማርኛን ለሚያገለግሉ ወጣት ባለሙያዎቻችን የቱርኮቹ ልምድ ትልቅ ትምህርት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ቃልና ዓረፍተ ነገር ለየቅል የሆኑ ነገሮች እንደሆኑ በትምህርት ቤት ተምረናል። ለመማር የሚረዳ ክፍፍል ስለሆነ አንጥለውም። ሆኖም አላህ ለሰው ልጆች የሰጣቸው ቋንቋዎች በዚህ ክፍፍል ብቻ የሚታጠሩ አይደሉም። አንዱ ሕዝብ በስድስት ቃል ይናገራል፤ ሌላው ያንኑ በአንድ ቃል። አንዱ ቋንቋ ጎደሎ፣ ሌላው ሙሉ አይደለም። የእኛ አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። ቱርክኛን ለሚሰማ ሰው ግን ሥሩን መያዝ ብቻ አይበቃውም። ማን እንዳደረገው፣ ይሁን አይሁን፣ ታየ ወይስ ተሰማ የሚለው የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነውና፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ ጆሮውን ሰጥቶ መታገሥ ይኖርበታል።

በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ አላህ በሰላም ያቆየን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።